ለሹክሹክታ የሚሆን ሳጥን የለውም፦ የወላጆችን ግንዛቤ በመጠይቅ መለካት ይቻላል?

የጅሬን ልጅ፦ ሰላም የግሩፑ ሰዎች። ትናንት ከሰዓት አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ ቤታችን መጣች። ወላጆች በልጆች ላይ ስለሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት ምን ያህል ያውቃሉ የሚል መጠይቅ ነው። ባለቤቴ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ መለሰች። ሁሉንም «አዎ» አለች። ልጅቷም አመስግና ሄደች። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ነገር እንዲህ ቤት ለቤት ተዞሮ ይለካል? ወይስ በዚያው ገንዘብ ወላጁን ቢያስተምሩት ይሻላል? እስቲ ተከራከሩ። ስድብ ክልክል ነው።

እትዬ ከሄርማታ፦ ማስተማር ይሻላል። አለቀ።

ቲቸር፦ ምን አለቀ እትዬ፣ ገና ተጀመረ እንጂ። ሰው የጎደለውን ሳያውቁ ምኑን ያስተምሩታል? የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ሴቶች 1፣ ከ7 ወንዶች ደግሞ 1 በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ይናገራሉ ይላል። ይሄ የዓለም ቁጥር ነው። የጅማ ወላጅ ስለ ወንዱ ልጅ ሰግቶ ያውቃል? ካልተጠየቀ በምን ይታወቃል?

ባጃጁ፦ እሱማ ሳይጠየቅም ይታወቃል ቲቸር። ሴቷን «ሳይመሽ ግቢ» እንላለን። ወንዱን በሦስት ሰዓት ማታ ሱቅ እንልከዋለን። እኔ ነኛ በየመንገዱ የማገኛቸው።

ጋሽ ከቆጪ፦ እኔ መጠየቁንም አልወደድኩት። ልጆች በሚሰሙበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማውራት የልጅ ዓይን መግለጥ ነው። ነውርም ነው።

ባጃጁ፦ ጋሼ በእርስዎ አልመጣም፣ ግን አጥቂው እኮ እኛ ዝም ስላልን አይተወውም።

የቀድሞዋ ጠያቂ፦ እኔ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ መረጃ ስሰበስብ ነበር። አንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ስገባ ቡና ደርሷል። እናትየዋ ረከቦቱ ፊት ናት። አማቷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ በር ሥር ተቀምጠዋል። «ለብቻዋ ባነጋግራት» ብል፣ አማትየው «ምን የሚደበቅ አለ፣ ቤተሰብ ነን» አሉኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ማንበብ ጀመርኩ። «ልጅን የሚያጠቃው ልጁ የሚያውቀው ሰው ሊሆን ይችላል ብለው ያስባሉ?» ስል፣ ጀበናው እጇ ላይ ቀረ። አማቷን አየት አደረገች። «አውዙቢላህ! ደግሞ የራስ ሰው!» አለች። እኔም «አላስብም» የሚለውን ነካሁ። ስወጣ ልትሸኘኝ ተከትላኝ መጣች። ጫማዬን ሳስር ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «ልጄን አጎቷ ቤት ማሳደር ከተውኩ ዓመት አለፈኝ» አለችኝ።

በመጠይቁ መሠረት ይቺ ሴትዮ ግንዛቤ የላትም። ለሹክሹክታ የሚሆን ሳጥን ታብሌቱ ላይ የለም።

ሌላም ጉድ አለ። መልሱ ይደመርና ከአማካዩ በላይ ያመጣው «ጥሩ ግንዛቤ አለው» ይባላል። ብዙ ጥናት የሚሠራው እንዲህ ነው።

ቲቸር፦ ቆይ ቆይ። ፈተናው ከ20 ሆኖ የክፍሉ አማካይ 6 ቢሆን፣ 7 ያመጣው ጎበዝ ሊባል ነው? እንዲህ ከሆነ እኮ ከተማው በሙሉ ምንም ባያውቅ እንኳ ግማሹ ግድም «ጥሩ» መባሉ አይቀርም። ይሄን አላወቅሁም ነበር፣ እዚህ ላይ ተረትቻለሁ። መለካቱን ግን አልተውም። አለካኩ ይስተካከል።

ሲስተር፦ እኔ ቃሉም ያሳስበኛል። «ወሲባዊ ጥቃት» ስትላት ብዙ እናት መደፈር ብቻ ይመስላታል። መነካካቱ፣ ለልጅ የብልግና ቪዲዮ ማሳየቱ፣ ልብስ አስወልቆ ፎቶ ማንሳቱም ጥቃት መሆኑ ትዝ አይላትም። ስለዚህ «አውቃለሁ» ብትልም የምታውቀው ሌላ ነገር ነው። መጠይቁ በአማርኛም በኦሮምኛም ተተርጉሞ ይመሳከራል፣ እሺ። ግን ቤት ውስጥ ለዚህ ነገር ስም አለን? «እንትን» ነው የምንለው። ልጇ «እንትኔን አመመኝ» ስትላት ሆዷ መስሏት የሆድ መድኃኒት ስታጠጣት የከረመች አይቻለሁ።

እኔ ብሆን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ልጅዎ ዛሬ ማታ መጥታ «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» ብትልዎ፣ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? እኛ ጋ ከሚመጡት ስንቱ አጥቦ ነው የሚያመጣው! እናት ናት፣ ልጇን ልታጸዳ ነው፤ ማስረጃው ግን አብሮ ይታጠባል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። እሱም ሽምግልና ተቀምጠው ያልፋል።

ጋሽ ከቆጪ፦ ሽምግልና ምን አደረገ? ቤተሰብ እንዳይበተን ነው እኮ።

ቲቸር፦ ጋሼ፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በካሳና በይቅርታ የሚያልቅ ነገር አይደለም። እንዲያውም መጠይቁ ላይ ይጨመር፦ ያደረገው የገዛ ወንድምዎ ቢሆን ለፖሊስ ይናገራሉ?

እትዬ ከሄርማታ፦ ወንድሜ ቢሆን?

እትዬ ከሄርማታ፦ እውነቱን ልንገርህ ቲቸር? እኔንጃ።

የቀድሞዋ ጠያቂ፦ ስንት ቤት ዞሬ «እኔንጃ» ያለኝ አልነበረም። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የጅሬን ልጅ፦ የሲስተርን ጥያቄ አሁን ባለቤቴን ጠየቅኳት። ትናንት ሁሉንም «አዎ» ያለችው ሴትዮ ዝም ብላ ቆየችና «ግን የት ነው የሚኬደው?» አለችኝ። እኔም አላውቅም። ሲስተር፣ የት ነው?

ሲስተር፦ ቀጥታ ሆስፒታል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሰው አለ። አትጠቧት። የለበሰችውንም ሳታጥቡ ይዛችሁ ኑ። በወረቀት ጠቅልሉት እንጂ በፌስታል አታድርጉት፣ ያላብና ይበላሻል።