የማንጎ ማድረቂያ የቱን ልግዛ?

ሰላም፣ ከድሬዳዋ ነኝ። ከቀፊራ ገበያ የሚገዛ ማንጎ ለቤት የማደርቅበት ማሽን ለመምረጥ ተቸግሬያለሁ።

አንዱ ክብ ነው፤ ትሪዎቹ ይደራረባሉ፣ ማራገቢያው ከታች፣ 250 ዋት፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ የለውም። ሌላው ሳጥን መሰል ነው፤ ማራገቢያው ከኋላ፣ 600 ዋት፣ ከ35 እስከ 70 ዲግሪ የሚስተካከል፣ ዋጋው ግን እጥፍ።

በ6 ሚሊሜትር ውፍረት የተቆረጠ ማንጎ 57 ዲግሪ አካባቢ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ሙቀቱ ከበዛ ላዩ ቆዳ ይይዝና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ የሚሻግተው እሱ ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያ የሌለው ያስፈራኛል።

በክቡ የተጠቀማችሁ፣ ትሪዎቹን በየ2 ሰዓቱ ማቀያየር ይበቃል? በደንብ የደረቀው ሲታጠፍ አይሰበርም፣ ሲጨመቅም ጠብታ አይወጣውም፤ የላይኛው ትሪ እዚያ ይደርሳል? መብራት መሃል ላይ ሲጠፋስ ግማሽ የደረቀውን ፍሪጅ ነው የምታስገቡት ወይስ ፀሐይ ላይ ታሰጡታላችሁ?