መርከብ ላይ ሙዚቃ የሠራችሁ፣ እባካችሁ አንድ ምክር

ሰላም ወገን። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሰሞኑን አንድ ደላላ የመዝናኛ መርከብ ሥራ አመጣልኝ። የስድስት ወር ኮንትራት ነው፤ ምግብና መኝታ በነሱ።

ሰውየው ግን «ለፕሮሰስ» እያለ ብር ይጠይቀኛል። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ደግሞ ለማስቀጠር ከሠራተኛው መቀበልን ይከለክላል። ከኪሳችን ሊወጣ የሚችለው የፓስፖርት፣ የመርከበኛ ደብተርና የጤና ምስክር ወረቀት ወጪ ነው። ቪዛ እንኳ በአሠሪው ነው። ታዲያ ይሄ የምን ብር ነው?

ከብሩ በላይ ያስጨነቀኝ ኖታ ነው። የመርከብ ባንድ ውስጥ ወረቀቱን እንደሰጡህ እያየህ መጫወት አለብህ። እኔ በጆሮዬ ነው የተማርኩት። ባቲና አምባሰል ስጡኝ፣ እስኪነጋ አለሁ። ኖታ ላይ ግን ጣቴን እያስኬድኩ ነው የማነበው።

ሙዚቀኛም ቢሆን የእሳትና የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ አይቀርለትም። እኔ ደግሞ ከግቤ ወንዝ የሚበልጥ ውኃ አይቼ አላውቅም! እናቴ ይህን እያነሳች ትስቅብኛለች።

የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ኖታ በጥቂት ወራት ይያዛል? መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ከማታውቁት ሰው ጋር መተኛቱን እንዴት ቻላችሁት? ደሞዝስ ወደ ቤት በምን ትልካላችሁ? ደላላው እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል።