አሲድ የሚገፋ ፓምፕ አልበረክት አለን፤ ምን ዓይነት ይሻላል?

የገላኑ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ገላን ላይ አነስተኛ የብረት ሥራ አለን። ቱቦላሬና ላሜራ ከመቀባታችን በፊት ዝገቱን የምናራግፈው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። አሲዱ 33 በመቶ ነው። በ1,000 ሊትር ፕላስቲክ ታንከር ይመጣልናል። ከዚያ ቀድሞ ውሃ ወደተሞላው ገንዳ በፓምፕ እናሻግረዋለን።

ፓምፑ ስቴንለስ ነው፣ 316 ተብሎ ተጽፎበታል። ሼዱን ስንከራይ ተተክሎ ነው ያገኘነው። ችግሩ ሻፍቱ ከፓምፑ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው፤ ሲሉ (ፈሳሽ በሻፍቱ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያሽገው ዕቃ) ያፈሳል። ሲል ቀየርን፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ጠብታው ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ አረፋ ያወጣል። ከፓምፑ ሥር ወለሉ ተቦርቡሯል። የእግሩ ቡሎኖች አናታቸው ተበልቶ ቁልፍ አይዝላቸውም። ባለፈው አንዱ ልጅ ክንዱ ላይ ተረጨበት። ወዲያው በብዙ ውሃ ስለታጠበ ደህና ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ሐሳብ ይይዘኛል።

ሥራው ሁለት ነው። አንዱ አዲሱን አሲድ ወደ ገንዳው ማስገባት፣ ሌላው ያገለገለውን አሲድ ወደ ማርከሻ (አሲድነቱን ማጥፊያ) ታንከር ማውጣት። ለሁለቱም አንድ ፓምፕ ይበቃል? ከልጆቹ አንዱ ደግሞ ፓምፕ ይቅርና ታንከሩን ዘግተን በኮምፕሬሰር አየር እንግፋው ይላል። መብራት ቶሎ ቶሎ እንደሚጠፋብንም አስቡልኝ።

መካኒክ ከቃሊቲ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። በኮምፕሬሰር መግፋት የሚባለውን ሐሳብ ዛሬውኑ ተዉት። ያ ታንከር ፈሳሽ ሊይዝ እንጂ ግፊት ሊችል አልተሠራም። ሲሞላ 1,160 ኪሎ ገደማ አሲድ ነው። አንድ ቦታ ከተተረተረ መሸሻ የለም። በርሜልም ያው ነው።

ወደ ፓምፑ ስንመጣ፣ ስቴንለስ ሁሉን ይችላል የሚባለው ብዙ ሰው ያከሰረ ወሬ ነው። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ የክሮም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሽፋኑን ያነሳዋል፣ ክሎራይዱ ደግሞ ተመልሶ እንዳይሠራ ያደርጋል። 316 ውስጥ ያለው ሞሊብዲነም ትንሽ ጨው ላለበት ውሃ ይረዳል። ለ33 በመቶ አሲድ ግን አቅም የለውም። ስለዚህ ሲል ብትቀያይሩ ለውጥ አታዩም። ሲሉ የሚቀመጥበት ቤትም፣ ሻፍቱም፣ የሲሉ ስፕሪንግም እየተበሉ ነው።

እኔ ብሆን የምፈልገው ጭራሹን ሲል የሌለው ፓምፕ ነው። ማግኔት ድራይቭ ይሉታል። ሞተሩ ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። ኢምፔለሩ (ውስጥ እየዞረ ፈሳሹን የሚገፋው ክፍል) ላይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ሌላ ማግኔት አለ። በመሃላቸው ያለው ድፍን የፕላስቲክ ቆብ ነው። ሞተሩ ሲዞር የውጪው ማግኔት የውስጡን ይዞት ይዞራል። በቀዳዳ አልፎ የሚወጣ ሻፍት ስለሌለ በሻፍት በኩል የሚያፈስ ነገርም የለም። ገላው ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። በክፍል ሙቀት ለእናንተ አሲድ ይበቃል። ገንዳውን የምታሞቁ ከሆነ ፒቪዲኤፍ የሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

በደቂቃ 50 ሊትር የሚገፋ ቢሆን አንዱን ታንከር በ20 ደቂቃ ይጨርሳል። ከዚያ በላይ ፍጥነት ለእናንተ ሥራ አያስፈልግም፤ ቢፈስም የሚፈሰው ይበዛል። ስትገዙ ለሻጩ የፈሳሹን ክብደት ንገሩት። ካታሎግ ላይ ያለው የሞተር ጉልበት ለውሃ የተሰላ ነው። የእናንተ አሲድ ከውሃ 16 በመቶ ይከብዳል፣ ሞተሩም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ማግኔቱም ለዚያ ክብደት መመረጥ አለበት፤ ካልሆነ ይለቅና ሞተሩ ብቻውን ይዞራል። በዚያ ላይ መደበኛ ሞተር የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። እኛ ያለነው ከእጥፉ ላይ ስለሆነ ጠርዝ ላይ ያለ ሞተር አትውሰዱ።

ኬሚስቷ

መካኒኩ ባለው እስማማለሁ፣ ለአዲሱ አሲድ ግን ብቻ። ላገለገለው ማግኔት ድራይቭ አልመክርም። ከብረቱ የሚራገፈው ጥቁር ቅርፊት ማግኔታይት የሚባል የብረት ኦክሳይድ አለበት፤ ማግኔት ይስበዋል። ያ ደቃቅ ቅርፊት ፓምፑ ውስጥ ገብቶ የኢምፔለሩ ማግኔት ላይ ይለጠፍና ቆቡን ከውስጥ ይፍቀዋል። ቆቡ ከተበሳ አሲዱ ሞተሩ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው።

ለእሱ በአየር የሚሠራ ባለሁለት ድያፍራም (እየተለጠጠ ፈሳሹን የሚገፋ ስስ ሽፋን) ፓምፕ ውሰዱ። ገላው ፖሊፕሮፒሊን፣ ድያፍራሙ ቴፍሎን ይሁን። ደቃቅ ነገር ያሳልፋል። ደረቅ ቢሠራ ቶሎ አይሞትም። ማውጫው ቢዘጋበት ይቆማል እንጂ ግፊት እየጨመረ አይሄድም። ድክመቱ ድያፍራሙ ነው፤ ያልቃል። ሲቀደድ አሲዱ በአየር ማስወጫው በኩል ይረጫል። ስለዚህ ማስወጫውን በቱቦ ወደ ታች፣ ሰው ወደማይቆምበት አዙሩት።

ኦሪንግና ጋስኬት (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎቹ) ላይ አትዘናጉ። ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቪቶን የሚባለው ጎማ ጥሩ ነው። ለቧንቧ ዩፒቪሲ ይሆናል። ጂአይ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቧንቧ ግን አንድ ክርን እንኳ እንዳይገባ። ዚንኩ ወዲያው ይሟሟል፣ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን ከገንዳውም ይወጣል፤ ይቀጣጠላል። ብየዳውን ከዚያ አርቁት፣ ጣሪያው ሥር አየር መውጫ ይኑር።

እና እባካችሁ፣ ወለል ለማጽዳት ተብሎ በረኪና እዚያ ሼድ ውስጥ አይግባ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ የሚያጠፋ ነገር ነው።

የገላኑ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓምፑ አሁን የተቀመጠው ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው። ቱቦውን በታንከሩ ክዳን በኩል አስገብተን ከላይ ይስባል። መጀመሪያ ውሃ ሞልተንለት ነው የሚነሳው። አንዳንዴ ጨርሶ አይስብም፤ ልጆቹ ቱቦውን ያነቃንቁታል።

ኢንጂነሩ

የችግራችሁ ግማሽ እዚህ ጋ ነው። ፓምፕ ፈሳሽ አይጎትትም። ፓምፑ የሚያደርገው መግቢያው ላይ ግፊት መቀነስ ብቻ ነው፤ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የአካባቢው አየር ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አየር ውሃን 10 ሜትር ገደማ ይገፋል። እዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ፈሳሹ ከውሃ ስለሚከብድ ደግሞ 7 ሜትር ገደማ ይቀራል። በዚያ ላይ የእናንተ አሲድ በባሕርይው ይጨሳል። ግፊት ሲቀንስበት ጋዝ እየለቀቀ አረፋ ይሆናል። የቱቦው ፍትጊያም አለ። እነዚህን ሁሉ ስትቀንሱ ለፓምፑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሳይስብ ቀረ ማለት ደግሞ ደረቁን ዞረ ማለት ነው።

ደረቅ መዞር ማግኔት ድራይቭን ይገድለዋል። ውስጡ ያሉት ቡሾች (የሚዞረው ክፍል የሚያርፍባቸው ቀለበቶች) የሚቀዘቅዙትና የሚለሰልሱት በሚያልፈው ፈሳሽ ነው። በተለይ ሲሊከን ካርባይድ ቡሽ ያለው ደረቅ ከዞረ ይሰነጠቃል። የካርቦን ቡሽ ለአጭር ጊዜ ይታገሣል። ስለዚህ አዲስ ፓምፕ ገዝታችሁ በድሮው አተካከል ብትተክሉት አዲሱም ዕድሜ አይኖረውም።

መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው። ታንከሩን ጠንካራ መደብ ላይ አውጡት። ፓምፑን ከሥሩ አድርጉት፣ አሲዱ በራሱ ክብደት ይውረድለት። መሳቢያው አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ከፓምፑ መግቢያ ያልጠበበ ይሁን። ፍሰት መቀነስ ስትፈልጉ በማውጫው ቫልቭ ብቻ ቀንሱ። በመሳቢያው ቫልቭ መቀነስ ፓምፑን ማነቅ ነው። ማውጫውንም ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ አታሠሩት፤ ያው ፈሳሽ ውስጡ እየተሽከረከረ ይግላል።

ታንከሩ ከፍ ሲል አንድ አዲስ ነገር ይመጣል። ፓምፑ ቢቆምም አሲዱ በራሱ መውረዱን ይቀጥላል። መብራት ጠፍቶ ሰዉ ወጣ ሲል ገንዳው ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። የማውጫው ቧንቧ ወደ ገንዳው ከመውረዱ በፊት ከታንከሩ አናት በላይ ይውጣ። እዚያ ጫፉ ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ይኑረው። ያኔ ፓምፑ ሲቆም ፍሰቱ ይቋረጣል። ከታንከሩ ሥር ያለው ቫልቭም ሥራ ሲያልቅ ይዘጋ።

ሳሙና ሠሪዋ ከሰበታ

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። እኔ የምገፋው ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ 50 በመቶ። ጠዋት ጠዋት ፓምፑ ተይዞ አገኘዋለሁ፣ ከሰዓት ደህና ይሠራል። የተባለው ለእኔም ይሆናል?

ኬሚስቷ

እህቴ፣ ያንቺ ብርድ ነው። 50 በመቶ ኮስቲክ ወደ 12 ዲግሪ ሲወርድ መርጋት ይጀምራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ይረጋል። ጠዋት በጉልበት ስታስነሺው ኢምፔለሩ ይሰበራል። ማታ መስመሩን አንጠፍጥፊው። ወይም ሥራሽ የሚፈቅድ ከሆነ ቀጠን አድርገሽ ያዢው፤ 30 በመቶ አካባቢ ያለው በእኛ ብርድ አይረጋም። ስታቀጥኚው ኮስቲኩን ወደ ውሃው ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ በጣም ይሞቃል።

ዕቃውም ይለያል። ለወንድማችን ጥሩ ያልኩት ቪቶን ኮስቲክ ይበላዋል፣ ላንቺ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ነው። ፒቪዲኤፍም ለጠንካራ ኮስቲክ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። ፖሊፕሮፒሊን ይሆናል። አሉሚኒየም ያለበት ፓምፕ አታስጠጊ። «የኬሚካል ፓምፕ» ተብሎ በደፈናው የሚሸጥን ነገር አትመኑ። የፈሳሹን ስም፣ መጠኑን በመቶኛ፣ ሙቀቱን፣ ደቃቅ ነገር እንዳለው ጻፉና ለሻጩ ስጡት። እነዚህን ሳይጠይቅ ፓምፕ የሚያቀርብላችሁ ሰው ዘንድ አትግዙ።

ኤሌክትሪሽያን ከዱከም

ስለ መብራቱ እኔ ልበል። ፓምፑ የሚነሳው በተራ ማብሪያ ነው ወይስ በኮንታክተር? በተራ ማብሪያ ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። በመሃሉ ልጆቹ ቱቦ ፈተው ሊሆን ይችላል። አሲዱ የሚያገኘው ፊታቸውን ነው። ኮንታክተር ይግባ፣ ማስነሻና ማቆሚያ ቁልፍ ይኑረው። መብራት ሲመለስ ሰው እስኪጫን ድረስ አይነሳም። ማቆሚያ አንድ ከበር አጠገብም ይጨመር፤ ሲፈስ ወደ ፓምፑ የሚሮጥ ሰው አይኑር።

ሁለተኛ፣ የተለመደው ኦቨርሎድ (የሞተር መጠበቂያ) ደረቅ መዞርን አያይም። ፓምፕ ደረቅ ሲዞር ጭነቱ ስለሚቀልለት የሚስበው ከረንት ይቀንሳል። ኦቨርሎድ የሚቆርጠው ከረንት ሲበዛ ብቻ ነው። ዝቅ ያለ ጭነት የሚያይ ሪሌይ አለ፣ እሱን ጠይቁ። ወይ ታንከሩ ውስጥ የፕላስቲክ ፍሎት ስዊች አስገቡ። ሞተሩ ሦስት ፌዝ ከሆነ ደግሞ ሠፈር ውስጥ ትራንስፎርመር ወይም መስመር በተጠገነ ቁጥር አዟዟሩን ተመልከቱ። ፌዝ ተገልብጦ ፓምፑ ወደ ኋላ ቢዞር ይሠራል የሚመስል ድምፅ ያሰማል፣ ግን በደንብ አይገፋም።

ከአቃቂ

እኔ የማየው የመጨረሻውን ነው። ያገለገለውን አሲድ አርክሰን እናወጣለን ብላችኋል። በምን? ወዴት? የእኛ አካባቢ ሰው በአቃቂ ወንዝ አትክልት ያጠጣል። ወንዙም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። የተጣለው ነገር ጎመን ሆኖ ወደ ከተማው ነው የሚመለሰው።

ኬሚስቷ

ትክክል ነው። በኖራ ወተት (በውሃ በተበጠበጠ ኖራ) ቀስ እያላችሁ አርክሱት። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው ቁጥር) 8.5 አካባቢ ሲደርስ ብረቱና ካለም ዚንኩ ይዘቅጣል። አሲድ አለመሆኑን ብቻ አይታችሁ 7 ላይ ካቆማችሁ ብዙ የሟሟ ብረት ከውሃው ጋር ሊሄድ ይችላል። የሊትመስ ወረቀት አይበቃም፤ ቁጥር የሚያሳየውን የፒኤች ወረቀት ግዙ። ዝቃጩን ለይታችሁ በበርሜል ያዙ፤ ማን እንደሚረከባችሁ ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ጠርቶ የቀረው ውሃም ጨዋማ ስለሆነ ወዴት እንደሚለቀቅ አብራችሁ ጠይቁ።

መካኒክ ከቃሊቲ

አንድ የቀረ አለ። ታንከሩና ፓምፑ ዙሪያ ግድብ ይሠራ፤ ቢያንስ የታንከሩን 110 በመቶ የሚይዝ፣ ማለትም 1,100 ሊትር። ሲሚንቶው ባዶውን አይቅር፣ አሲድ የሚችል ኢፖክሲ ይቀባ። ፍላንጆቹን (በቡሎን የሚታሰሩትን የቧንቧ መጋጠሚያዎች) በፕላስቲክ መሸፈኛ ጠቅልሏቸው፤ ጋስኬት ሲለቅ አሲዱ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ይንጠባጠባል። ቧንቧ ውሃ ይጠፋል አይደል? ለመታጠቢያ ብቻ የሚሆን ሮቶ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በስበት የሚወርድ ሻወርና የዓይን ማጠቢያ ይኑረው። ዓይን የነካው ሰው ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ሮቶው ለሌላ ሥራ እንዳይቀዳ ልጆቹን አስጠንቅቋቸው።

የገላኑ (ጠያቂ)

እድሜ ይስጣችሁ። ሁለት ፓምፕ እንገዛለን፣ መደቡንም ከሳምንቱ መጨረሻ እንጀምራለን። የድሮውን ስቴንለስ ፓምፕ ምን ላድርገው? ለማለቅለቂያ ውሃ ይሆናል?

መካኒክ ከቃሊቲ

ከመፍታታችሁ በፊት በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ የሚወጣው ውሃ በፒኤች ወረቀት ይታይ። የሚፈታው ሰው የፊት መከላከያና ረጅም የጎማ ጓንት ያድርግ፤ ከሲሉ ጀርባ የተጠራቀመ አሲድ አይጠፋም። ከዚያ ውስጡን በእጅ ባትሪ እዩት። ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ ለቁራጭ ብረት ስጡት። ለስላሳ ከሆነ ሲል ቀይራችሁ ለንጹሕ ውሃ ብቻ ተጠቀሙበት። ላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ለውሃ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ የአሲዱ ቧንቧ ላይም ተመልሶ እንዳይገጠም መግጠሚያውን የተለየ አድርጉት።