ሙምባይ፦ ፎርት ሰፈርን በግማሽ ቀን ማየት ይቻላል?

አስታማሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ለሕክምና ይዤ ሙምባይ ከመጣሁ 3 ሳምንት አለፈኝ። ከሆስፒታልና ከማረፊያችን ሌላ ያየሁት የለም። ሐሙስ ወንድሜ ስለሚተካኝ ከ4 እስከ 9 ሰዓት (በእኛ) ነፃ ነኝ። ሞል አልፈልግም። እንግሊዞች የሠሩት የድሮ ንግድ ሰፈር፣ ፎርት የሚሉት፣ ደስ ይላል ሲሉ ሰማሁ። ብቻዬን ብሄድ ይከብደኛል? ጾም ላይ ነኝ፤ ምሳስ?

የፑኔ ልጅ፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ፑኔ ከተማ ስማር ክላስ እየፎረፍኩ በባቡር ሙምባይ እየሄድኩ እዞር ነበር። ሐሙስ መሆኑ ጥሩ ነው። እሑድ ብትሄጂ የምታዪው ድንጋይ ነው። ፎርት የሥራ ሰፈር ነው፤ ሰው ከሌለበት ምኑን ታዪዋለሽ?

በሴቶቹ ፉርጎ ገብተሽ ቸርችጌት ውረጂ። ስሙ «የቤተ ክርስቲያን በር» ማለት ነው፤ በር ግን አትፈልጊ፣ የለም። ፎርት ማለት ምሽግ ነው፤ በሩ የነበረበትን ምሽግ በ1860ዎቹ (በፈረንጅ) አፍርሰውታል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን አለ፤ ቅዱስ ቶማስ ይባላል፣ ከ1718 ጀምሮ እዚያው ነው።

5 ሰዓት ተኩል ገደማ ጣቢያው ደጅ ቁሚ። ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰዎች የምሳ ዕቃ ተሸክመው ይወርዳሉ። ዳባዋላ ይባላሉ። ከየቤቱ የሰበሰቡትን ምሳ ክዳኑ ላይ ባለው ምልክት እየለዩ ለየቢሮው ያደርሳሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን መሀል መንገድ ላይ ተገትሬ ፎቶ ሳነሳ አንዱ በክርኑ ገፍቶኝ አለፈ። ምን ያድርግ፣ የሰው ምሳ ይዟል።

ከዚያ ፍሎራ በሚባለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ በኩል አድርገሽ ወደ ሆርኒማን ሰርክል። ሕንጻዎቹ በክብ የቆሙ ናቸው፤ ከሥራቸው በረንዳ ስላለ ጥላ ለጥላ ትሄጃለሽ። ሆርኒማን እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። ለህንዶች ስለተሟገተ በ1919 የገዛ ወገኖቹ ከአገር አባረሩት። ፊት ለፊት የድሮው ታውን ሆል (የከተማው አዳራሽ) አለ፣ 1833 የተሠራ። ደረጃው 30 ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እዚያ ቁጭ ብለሽ እረፊ።

ሒሳብ ሹም፦
የፑኔ ልጅ ገንዘቡን ዘለለው። ያ ሁሉ ሕንጻ በምን ተሠራ? ብዙው በጥጥ ነው። አሜሪካኖች ከ1861 እስከ 1865 እርስ በርስ ሲዋጉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡና ወደ ቦምቤይ (የሙምባይ የድሮ ስሟ ነው) ዞሩ። ብር ጎረፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ፣ ስንቱ ሀብታም በአንድ ዓመት ባዶ እጁን ቀረ። ፕሬምቻንድ ሮይቻንድ የሚባል ደላላ ነበር፤ ከከሰሩት ዋናው እሱ ነው። ከቸርችጌት ወጥተሽ የምታዪው ትልቅ የሰዓት ማማ በእሱ ገንዘብ ተሠርቶ በ1878 አለቀ። ስሙን በእናቱ «ራጃባይ» አስባለው። እናቲቱ ዓይነ ስውር ስለነበሩ ደወሉ ሰዓት እንዲነግራቸው ነው ይባላል።

ደላሎቹ ያኔ ቢሮ አልነበራቸውም። ታውን ሆሉ አጠገብ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነበር የሚሻሻጡት። በ1875 ማኅበር አቋቋሙ፤ የዛሬው የቦምቤይ አክሲዮን ገበያ እሱ ነው።

ባጃጅ ናፋቂ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ባጃጅ ወደዚያ አይገባም፤ ጥቁርና ቢጫውን ታክሲ ያዢ። ደግሞ «ቬጅ» ሲሉሽ የጾም እንዳይመስልሽ! ሥጋ የለውም ማለት ነው እንጂ ቅቤውና ወተቱ ሞልቷል። እኔ ለሳምንት ያህል በልበ ሙሉነት ስገድፍ ከርሜያለሁ። ቫዳ ፓቭ ብዪ፦ በሽምብራ ዱቄት የተጠበሰ ድንች በዳቦ ነው። «ያለ ቅቤ» በያቸው። ከኢራን የመጡ ሰዎች የከፈቷቸውን የኢራኒ ካፌዎች ዳቦ በቅቤና ሻይ በወተት ለፋሲካ አቆዪው።

አስታማሚዋ፦
ሄጄ መጣሁ። ዳባዋላዎቹን አይቻለሁ፣ ዳር ቆሜ 😄 ደረጃው 30 ነው፣ ልክ ነህ። ቫዳ ፓቩን ሁለት በላሁ፤ በርበሬው የእኛን ያስንቃል። ማታ ለእማዬ የሰዓቱን ማማ ታሪክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ከስሮም ለእናቱ ይህን አሠራ? አንቺ እንግዲህ ደመወዝተኛ ነሽ፤ ምን ልታሠሪልኝ ነው?» አለችኝ። ከመጣን እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።