«ልም አጥንት ይጸናል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ነጠላ ሰረዝ፦ ሰላም ቤቶች። ስለ ፅንስ አንድ ጽሑፍ እያረምኩ እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸነከርኩ፦ «በ8ኛው ሳምንት ግድም የፅንሱ ልም አጥንት መጽናት ይጀምራል።» ልም አጥንት ጆሯችንን ስናጥፈው የሚታጠፍልን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄዬ «ልም» ላይ ነው። ከ«ለምለም» ነው የመጣው ወይስ «የላመ ዱቄት» ከምንለው? የግርጌ ማስታወሻ ልጽፍበት ነው፣ እባካችሁ አትቀልዱብኝ።

ሥርወኛው፦ ልምን ተወው፣ ቁም ነገሩ «መጽናት» ላይ ነው። ፅንስና ፅናት አንድ ሥር ናቸው። በማህፀን ስለሚጸና ፅንስ ተባለ። አለቀ።

የዜማ ቤት፦ ምኑ ነው ያለቀው? ፀንሰ በፀሐዩ ፀ ነው፣ መጨረሻው ሰ። ጸንዐ በጸሎቱ ጸ ነው፣ መጨረሻው ዐ። የሚጋሩት መሐል ያለችውን ነ ብቻ። በነ ብቻ ዝምድና ከተቆጠረማ ዝናብና ቅናትም ያጎት ልጆች ናቸው።

ሥርወኛው፦ የኔታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ሁለቱን ጸ ማን ለይቶ ይጽፋል?

የዜማ ቤት፦ አንተ ስላልለየህ ሥሩ አይዛመድም። አፅም የምትለውም ዐፅም ነው፣ ሲበዛ አዕፅምት።

ሥርወኛው፦ ይኸው! አዕፅምት አጥምት ሆነ፣ ም ከት ፊት ስትቆም ወደ ን አዘነበለች፣ አጥንት። ስለዚህ «አጥንት» ድሮውንም ብዙ ቁጥር ነው፣ «አጥንቶች» የምንለው የብዙ ብዙ ነው ማለት ነው 😄

የዜማ ቤት፦ በዚች እንኳ አልጣላህም።

የማታ ተረኛ፦ ይቅርታ፣ እኔ ግዕዝ አልተማርኩም፣ አናቶሚ ነው የማስተምረው። «መጽናት» የሚለው ቃል ግን እኔንም ይከነክነኛል። ጭቃ ደርቆ የጠነከረ ያስመስላል። የሚሆነው ሌላ ነው። የጭን አጥንትን እንያ። መጀመሪያ ሕዋሳት ይሰባሰባሉ፣ ከዚያ የጭን አጥንት የሚመስል ትንሽዬ ልም አጥንት ይሠራሉ። ቆይቶ መሐሉ ላይ ያሉት ሕዋሳት ያብጣሉ፣ ዙሪያቸው ካልሲየም ይይዛል፣ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የደም ሥር ሰርስሮ ይገባል። አብረውት ከሚመጡት ሕዋሳት አንዳንዶቹ አሮጌውን ይበላሉ፣ ሌሎቹ በፈንታው አጥንት ያነጥፋሉ። ልም አጥንቱ አልጸናም፣ ቦታ ለቀቀ። ስለዚህ «ይተካል» በሉ።

ቧልት፦ ልም አጥንት ተከራይ ነው በለኛ።

ሥርወኛው፦ «ይለወጣል» ብንልስ?

የማታ ተረኛ፦ ድሮ ቢሆን አይሆንም እልህ ነበር። በአይጥ ላይ እንደታየው ግን ከልም አጥንት ሕዋሳት አንዳንዶቹ ሳይሞቱ ራሳቸው አጥንት ሠሪ ይሆናሉ። ለነሱ «ይለወጣሉ» ያስኬዳል። ቤቱ በጥቅሉ ግን ፈርሶ ነው የሚሠራው።

የዜማ ቤት፦ ልጄ፣ ጸንዐን ጥንካሬ ብቻ አድርገህ አየኸው። መርጋት፣ ባሉበት መቆምም አለበት። ንጉሥ ሞቶ ልጁ ሲነግሥ መንግሥቱ ጸና ይባላል። ሰውየው ተተካ፣ ወንበሩ ጸና። አንተ ራስህ አሁን የነገርከን ይህንኑ አይደለም?

የማታ ተረኛ፦ የኔታ፣ እዚህ ላይ ያዙኝ። ቅርጹ በእርግጥ አይጠፋም። «ቅርጹ ይጸናል፣ ልም አጥንቱ ይተካል» ቢባል እፈርማለሁ። ግን ይህም ለሁሉም አጥንት አይሠራም። የራስ ቅሉ ክዳን በልም አጥንት በኩል አያልፍም፣ ከስስ ሽፋን ላይ በቀጥታ ነው አጥንት የሚሆነው። ከደረት እስከ ትከሻ የተጋደመችው አጥንትም በአብዛኛው እንደዚያው ናት። እሷ ደግሞ ጉደኛ ናት፣ አጥንት መሆን ከሁሉ ቀድማ ትጀምርና ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ከሁሉ ዘግይታ ትጨርሳለች።

ቧልት፦ ልክ እንደዚህ ውይይት።

ሥርወኛው፦ ቆይ፣ የራስ ቅሉ ሳያልፍበት ከቀረ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ስህተት ነዋ!

የዜማ ቤት፦ ምኑ ተሳሳተ? «ልም አጥንት» አለ እንጂ «አጥንት ሁሉ» አላለም። መጀመሪያ አንብብ፣ ከዚያ ሥር ትቆፍራለህ።

ነጠላ ሰረዝ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ «ይጸናል»ን አውጥቼ «በአጥንት መተካት ይጀምራል» አድርጌዋለሁ። ልምስ?

ሥርወኛው፦ ልምን ነገ በሰፊው እመለስበታለሁ። ከ«ሕልም» ጋር የሚያያዝ ነገር ጠርጥሬያለሁ።

የዜማ ቤት፦ ኧረ በስመ አብ!