አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ክብሩ እንዲጠበቅለት ምን ላድርግ?

እባካችሁ ምከሩኝ። አባቴ 81 ዓመቱ ነው። የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ሆስፒታል ተኝቷል። በሕክምናው ቅሬታ የለኝም። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው።

ሰው ከደገፈው ሽንት ቤት መሄድ ይችላል። ግን ሲጠራ ቶሎ የሚደርስለት የለም። "ዳይፐር አድርገሃል፣ እዚያው ተጠቀም" ይሉታል። ሰውነቱን ሲያጥቡት መጋረጃው አይዘጋም። ሐኪሞቹ ስለ እሱ የሚያወሩት ከእኔ ጋር ነው፤ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ እያያቸው! አእምሮው ንቁ ነው፣ ጆሮው ብቻ ይከብደዋል። የመስሚያ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ምን ብሎ ይመልስ? ዝም ሲል "ተምታቶበታል" ይባላል።

አሁን ደግሞ ሽንቱ እንዳይመጣ ብሎ ውሃ መጠጣት ቀንሷል። ይሄ ነው በጣም ያስፈራኝ። በዚህ ዕድሜ የውሃ እጥረት ራሱ ሰውን ሊያቃዥ ይችላል። አልጋ ላይ መዋል ደግሞ ጡንቻን ቶሎ ያሟሽሻል።

ነርሶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሥራው ከአቅማቸው በላይ ነው፣ አያለሁ። ግን ብናገር፣ ማታ እኔ ስሄድ እሱ ላይ ይብስበታል ብዬ እሰጋለሁ። እሱም "ተዪው ልጄ፣ አታስቸግሪያቸው" ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው የአረጋውያን መርሆዎች፣ በማንኛውም እንክብካቤ ውስጥ ክብራቸው ይጠበቅ ይላሉ። ታዲያ ይህንን ይዤ ማን ጋ ልሂድ?

በዚህ ያለፋችሁ፣ በተለይ ነርስ የሆናችሁ፣ መጀመሪያ ማንን ላናግር? ኃላፊ ነርሷን ወይስ ሐኪሙን? ከአልጋው ራስጌ "ጆሮው ይከብደዋል፤ እባካችሁ መሣሪያውን አድርጉለትና ራሱን አናግሩት" የሚል ወረቀት ብለጥፍስ? ይቀየሙኛል? ወይስ እሱኑ ያሳፍረዋል?