ድምፄን ለማን ልስጥ?

ጥያቄ፦
ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ ግን ገና አልቆረጥኩም። አንዱ ተወዳዳሪ ንግግሩን ሁሌ በጸሎት ይከፍታል። ተቀናቃኞቹን ግን ሲሳደብ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ሆዴ ተረበሸ። ሌላዋ ስለ እምነቷ ትንፍሽ አትልም። ለድሆች ሕክምና ያወጣችውን ዕቅድ ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ የሚጨበጥ ነው። የጸሎት ጓደኞቼ «ለወንድማችን ነው እንጂ!» ይሉኛል። እናንተ እንዴት ትወስናላችሁ?

መልስ 1፦
እኔ ዘፀአት 18፥21ን ነው የምይዘው። ዮቶር አማቹን ሙሴን የሕዝብ አለቆች እንዲመርጥ ሲመክረው እግዚአብሔርን የሚፈሩ ብቻ አላለም። አዋቂዎች፣ የታመኑ፣ የግፍ ጥቅም የሚጠሉም ብሏል። ሰውየው ከዚህ በፊት ሥልጣን ይዞ ከነበረ ምን እንደሠራ እዪ።

መልስ 2፦
እህቴ፣ እኔ ትንሽ እለያለሁ። ዕቅዷ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስለ አምልኮ ነፃነት ያላትን አቋምስ ጠይቀሻል? ዝምታዋን ብቻ ይዘሽ አትወስኚ።

ጠያቂዋ፦
እውነት ነው፣ አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ ሕዝብ ታነጋግራለች፤ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ለሁለቱም በስማቸው መጸለይ ጀምሬያለሁ። ለእሱ ስጸልይ ንዴቴ በረድ አለልኝ፤ ስድቡን ግን አሁንም ማለፍ አልቻልኩም።